ሁለት ኳስ ለሰውዬው

ማክሰኞ

«ሁለት» አልኩ። ከአፌ ወጣ፤ አይመለስም።

ቅዳሜ ወንድሜ እያሱ ሰሞኑን ከመጣው ሰውዬ ጋር ፑል ሊጫወት ነው። ሰውዬው ደካማ ስለሆነ ጨዋታው ሳይጀመር ከሰባት ኳሶቹ ሁለቱ ይነሱለታል። አምስቱን ካስገባ ወደ ጥቁሯ ያልፋል ማለት ነው። እያሱ ደግሞ የሰፈራችን የሲቀላ አንደኛ ስለሆነ ሰባቱንም ማስገባት አለበት።

እዚህ ፑል ቤት ስንት ኳስ እንደሚነሳ የምናገረው እኔ ነኝ። ማን ሾመኝ? ማንም። አካውንቲንግ ተመርቄ ሥራ እስካገኝ ብዬ ባንኮኒው ኋላ ከቆምኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ሁሉም ሲጫወት አያለሁ፣ ስቲክ ነክቼ አላውቅም፣ ስለዚህ አታዳላም ይላሉ። አንዴ ከተናገርኩ ሁለቱም ተጫዋቾች ካልተስማሙ በቀር ቁጥሩ አይነካም። የቤቱ ሕግ ነው።

ለወንድሟ ጨዋታማ እንዴት ትፈርዳለች ብለው ጋሽ ብርሃኑ፣ የቤቱ ባለቤት፣ አንገራግረው ነበር። ሰውዬው ግን «እህቱ ትናገር፣ አምናታለሁ» አለ። ፈጥኖ ነው ያለው።

ምን እንዳስያዙ የሰማሁት ቁጥሩን ከተናገርኩ በኋላ ነው። ሰውዬው ሞተር ሳይክሉን። እያሱ የጀልባውን ሞተር።

ረቡዕ

እንቅልፍ የለም። ያ ሞተር የእያሱ ብቻ አይደለም። አባባ ጨንቻ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ አፕል ሸጦ ነው የገዛለት። ያለሱ ጫሞ ሐይቅ ላይ ዓሣ ለማጥመድ በመቅዘፊያ የት ይደርሳል? ሚስቱ ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል። ውርርዱን እሷ አልሰማችም።

ለአባባ እንዳልነግረው፣ እኔ የምሠራው ጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ነው ብየዋለሁ። ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ በኩራት ያወራልኛል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ እርሳስ እንኳን የምንሸጥ አይደለንም።

ሰውዬው ከመጣ አሥር ቀኑ ነው። ዓሣ እየገዛሁ በፒክአፔ እጭናለሁ ይላል። ከእናንተ ገዝቶ ያውቃል ወይ ብዬ እያሱን ጠየቅሁት። አንድም ቀን ከእኛ ገዝቶ አያውቅም አለና ሳቀ። ምኑ እንዳሳቀው አልገባኝም።

ሐሙስ

ምን ዓይነት ቂል ነኝ!

በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ወደ መንገዱ ያዘነብላል። እግሩ ሥር ካርቶን አጥፈን እንወትፋለን፣ ያም አይበቃውም። እሱ ላይ የማይስት ሰው የለም፤ እያሱ ራሱ ይስታል። ሰውዬው አሥሩንም ቀን የተጫወተው እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ እኔም በዚያው መዘንኩት።

ዛሬ ካርቶኑን ልቀይር ጎንበስ ስል ብቻውን ይጫወት ነበር። ሦስት ጊዜ ሳተ። ሦስቱንም ጊዜ ግን ነጯ ኳስ ከጥቁሯ ጀርባ ሄዳ ቆመች፣ ቀጥሎ የሚመታው ሰው ምንም በማያይበት ቦታ። ያውም ኳስ ቆሞ በማያድርበት ጠረጴዛ ላይ። ለካ እኔ የምከተለው የምትገባውን ኳስ ነበር፤ ነጯን አንድ ቀን እንኳን አላየኋትም።

እያየሁት መሆኔን አወቀ። ስቲኩን አስቀመጠ፣ ሻይ አዘዘ፣ ከዚያ የወንድሜ ሚስት እንዴት እንደሆነች፣ ወለደች ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

እርጉዝ መሆኗን እኔ አልነገርኩትም።

ዓርብ

ጠዋት ጫሞ ወረድኩ። እያሱ መረብ ይጠግናል። የጠረጴዛውን ነገር፣ የነጯን ኳስ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ሁለቱ ይቅር፣ እንዲያውም እሱ ለአንተ ሦስት ይስጥህ አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ማክሰኞ ኳስ የሰጠሁትን ሰውዬ ዛሬ ሄጄ ስጠኝ ልበለው? ሰው ፊት?» አለ።

ሞተሩን የሚጠብቀው ክብሩ ይመስል። ተናድጄ በባጃጅ ተመለስኩ።

ከሰዓት ሰውዬውን ብቻውን አገኘሁት። ድፍረቱ ከየት እንደመጣልኝ እንጃ፣ እውነቱን ለመናገር አንተ ለወንድሜ ስንት ኳስ ትሰጠው ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ይክዳል ብዬ ነበር። ትንሽ አሰበና «አራት» አለኝ። «አራት ሰጥቼውም አሸንፈዋለሁ። ንገሪው። አያምንሽም።»

ድምፁ ውስጥ ክፋት የለም። ያ ነው ያስፈራኝ። አያያዙን አይቶ ጭብጦውን ቀማው ይባል የለ፤ አያያዛችንን አይቶ ጨርሷል።

ቅዳሜ

ከመጀመራቸው በፊት ባንኮኒው ላይ በእጄ መታሁና ተሳስቻለሁ አልኩ። ሁለቱ ይቅር፣ ያየሁት በተንጋደደው ጠረጴዛ ላይ ነው አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እያሱ እህቴ ለእኔ ፈርታ ነው ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ስቲኩን ይወለውላል። ስላልተስማሙ ቁጥሩ ባለበት ጸና።

ሦስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ይወስዳል። አንድ ለአንድ፣ ሁለት ለሁለት። በመጨረሻው ሰውዬው ጥቁሯ ብቻ ቀረችው። መታ፣ ለጥቂት ሳተ። እያሱ ጥቁሯን አስገባና አሸነፈ። ሰው ተሸከመው፣ እኔም ሳላስበው አለቀስኩ፣ ከደስታ ነው።

እንባዬን ስጠርግ ነው ያሰብኩት። እንዲህ ያለ ሰው ጥቁሯን እንዴት ይስታል?

እሑድ

እያሱ ሚስቱን በሞተር ሳይክሉ ጭኖ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፣ ለሆዷ ብሎ። እንደዚህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

ከጸሎት በኋላ ወደ ጥግ ወስዶ ነገረኝ። ሰውዬው ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ተጫውተን ልካካስ ብሎታል፣ ያንን ዓሣ እጭንበታለሁ የሚለውን ፒክአፕ አስይዞ። እያሱ ደግሞ ጀልባውን፣ ሞተሩን፣ መረቡን፣ ሁሉንም።

«ስንት ኳስ?» አልኩት።

«ሦስት እሰጠዋለሁ። ሁለት ሰጥቼው አሸነፍኩት አይደል? ተሳስቻለሁ ስትዪ ልክ ነበርሽ፣ ሁለት አንሶት ነው።»

ቤቱ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው አለኝ። ጋሽ ብርሃኑም ከእንግዲህ ቁጥሩን ራሳቸው ሊናገሩ ነው፣ እኔ አልታመንም። ሰውዬው ዓርብ ያለኝን ደገምኩለት። ሰው ሲያሸንፍ ደስ አይልሽም ወይ ብሎኝ ሄደ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ማለት ይህ ነው፣ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ሳለ አያውቀውም።

እያሱ በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ሰው አለ። አባባ። ለአባባ ለመናገር ግን ሰውዬውን የት እንዳየሁት መናገር አለብኝ፣ እዚያ ምን እንደምሠራም፣ ሁለቱን ኳስ ማን እንደሰጠውም።

ሁለት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሳም። ጨንቻ ከጉባኤ አልወጣ ይሆናል። ስልኩን ደብተሩ ላይ አስቀምጬ እየጻፍኩ ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አዘጋጅቻለሁ፦ «አባባ፣ እኔ እርሳስ ሸጬ አላውቅም።»