ቆሞ የተረዳው ሰው

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ለሙላው፤

እንደምን ከረምክ? ወገብህስ ሻል አለህ ወይ? ባለቤትህ ዳራርቱስ፣ ልጆቹስ፣ ጎረቤቱስ ሁሉ ደህና ነው? እኔና ልጄ ሮዳስ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ድካሙ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ።

አዘቦቱን ኤደን ፕሬሪ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳሽግ እውላለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሴንት ፖል አንድ ትንሽ ቲያትር ቤት የተዋንያን ልብስ እተኩሳለሁ፤ ሮዳስም እዚያው ከአጃቢዎቹ ጋር ትዘፍናለች። አሁን የያዙት ኦፔራ ነው፤ ንግግሩ ሁሉ በዜማ የሆነ ቲያትር በለው። አሜሪካኖች ድሮ መጀመሪያ ከሠሯቸው አንዱ ነው አሉ፣ ሕዝቡ ከሚያወራው ተረት የተወሰደ። አንድ ሰነፍ ገበሬ ተራራ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሃያ ዓመት ያልፈዋል። ሲነቃ የሚለጠፍለትን ነጭ ጢም የማበጥረው እኔ ነኝ። ባሕር ተሻግሬ የሐሰት ጢም አበጣሪ ሆንኩልህ፣ ሳቅብኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ልምምዱን አየሁ። ሰውየው መንደሩ ተመልሶ ሚስቱን ሲጠይቅ፣ አንዲት ሴት እንደ ቆመ በአደባባይ ሚስቱ መሞቷን ትነግረዋለች። የሽንኩርት ዋጋ የምትነግረው ነው የሚመስለው። ሳላስበው “ኧረ አስቀምጡት! ሰው መርዶ እንዲህ ይረዳል?” ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ፤ ሮዳስ በሃፍረት “ማሚ፣ ፕሊስ!” አለችኝ።

መኪና ውስጥ ግን እኛስ እንዴት ነው የምናረዳው ብላ ጠየቀችኝ። ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ እንደሚመጣ፣ አስቀምጦ ደግፎ እንደሚነግር፣ ሐዘንተኛው ሩቅ አገር ከሆነ ደግሞ እስኪመች መርዶው እንደሚደበቅ ነገርኳት። እሷም “ሶ፣ አያቴን ላስት ታይም ያናገርሻት መቼ ነው?” አለችኝ።

ጋሼ፣ ከፋሲካ ወዲህ የእማዬን ድምፅ አልሰማሁም። ለእንቁጣጣሽ ስደውል ጠበል ሄዳለች አልከኝ። ለመስቀል ተኝታለች ተባልኩ። አጥብቄ ስጠይቅ ኔትወርኩ ይቋረጣል። አዲስ ብላችሁ በላካችሁልኝ ፎቶ ላይ ከኋላዋ የሚታየው ቤት ገና ሳታድሱት የነበረው ነው፤ ፎቶው የቆየ ነው ማለት ነው። ዘዴውን እኔም አውቀዋለሁ፤ እዚህ ያለው ጓደኛችን ዮናስ አባቱ አገር ቤት ሲያርፉ አምስት ወር ሙሉ የደበቅንበት እኔና የሥራ ባልደረባዬ ዋለ ነን። ያኔ ደግ ሥራ መስሎኝ ነበር። ለእኔ አዝናችሁ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ደክሞኛል። በስልክ ድምፅህን እያዳመጥኩ መገመት ከመጋዘኑ ሥራ በላይ አደከመኝ። ለዚህ ነው ደብዳቤውን አገር ቤት በሚመጣው በዚሁ በዋለ እጅ የላክሁት። እዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል።

ለዳራርቱ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የላከችው በርበሬ ደርሶኛል። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ጎረቤቶቹንም እንዲሁ።

እማዬ ካለች ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ድምጿንም በዋለ ስልክ ቅዳልኝ። ከሌለች ነጠላዋን ላክልኝ፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም። ሮዳስን አጠገቤ አድርጌ፣ ተቀምጬ እቀበለዋለሁ።

እህትህ ሂሩት

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.