ባሌ ከሽንት ቤት ሆኖ «አዎ» ስላለልኝ ገለልተኛ የሕግ ምክር

ለክቡር አቶ ግሌን ፈርንሊ
የባንካችን የዶቭ ሌክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሆነ እጠይቃለሁ። ብርዱ ሲከር የሚነሳብዎት የጉልበት ሕመም ዘንድሮ እንደተወዎት፣ ባለቤትዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ባሌ ኦረስት፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ቤታችንን ለቀን እንድንወጣ ከሚያሳስበው ደብዳቤዎ በቀር ምንም አልጎደለብንም። መልሴን በከተማችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምንዎታለሁ፤ ዶቭ ሌክ ውስጥ የራሴን ወሬ ሁልጊዜ የምሰማው ከሌላ ሰው ስለሆነ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ ከእኔ ይጀምር ብዬ ነው።

በደብዳቤዎ ላይ «ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ገለልተኛ የሕግ ምክር አግኝተዋል» የሚል ቃል ሰፍሯል። እውነት ነው፣ አግኝቻለሁ። ሳላመሰግን መቅረቴ ነውር ስለሆነብኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ጠበቃ ፍለጋ ስላላንከራተቱኝ አመሰግናለሁ። ኦረስት የዘር ማጣሪያ ማሽን ለመግዛት ብድር በጠየቀዎት ጊዜ፣ የክፍለ ሀገራችን የሳስካችዋን ሕግ ሚስት ከባሏ ተለይታ፣ ለብቻዋ፣ በጠበቃ ተጠይቃ እንድትፈርም እንደሚያዝዝ አስረዱኝ፤ ወዲያውም አቶ ክላይድ ሙርን ጠቆሙኝ። አቶ ክላይድ የብድሩን ውል ለባንኩ ያዘጋጁ፣ ቢሯቸውም ከባንኩ በላይ ባለው ፎቅ ላይ የሆነ ሰው ናቸው። ማክሰኞ ማታ በኩርሊንግ ጨዋታ፣ እርስዎ ድንጋዩን በበረዶው ላይ ሲለቁት፣ ከፊቱ ከፊቱ እየሮጡ በመጥረጊያ መንገዱን የሚያለሰልሱልዎትም እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው የበለጠ ገለልተኛ ሰው ከየት ይመጣል?

2. ያን ጊዜ ትልቁ ከተማ ሳስካቱን ድረስ ሄጄ ሌላ ጠበቃ ባማክርስ የሚል ሐሳብ ቢጤ ሽው ብሎብኝ ነበር። እርስዎ ግን ፈገግ ብለው «ቬርና፣ ክላይድን አታምኚውም ማለት ነው?» አሉኝና ሐሳቡ በዚያው ቀረ። አቶ ክላይድ መኪናችን በረዶ ውስጥ በተቀረቀረች ቁጥር በትራክተራቸው የሚጎትቱን ሰው ናቸው። የእናቴን የሬሳ ሣጥን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። ሌላ ጠበቃ ፈለግሁ ማለት እሳቸውን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ መካከል ሌባ ብሎ መጥራት ነው። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ጎረቤት እንዳይከፋው ብለን የማንፈርመው ወረቀት የለም፤ እርስዎም እዚሁ ስላደጉ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ይህን እውቀትዎን በሚገባ ስለተጠቀሙበት አመሰግናለሁ።

3. ስለ ምክሩ አሰጣጥ። የፈረምንበት ቀን ትንፋሽ አየር ላይ የሚደርቅበት የጥር ብርድ ነበር። አቶ ክላይድ ወረቀቱን ዘርግተው «ኦረስት፣ ሕጉ ስለሆነ እስቲ ትንሽ ገለል በል» አሉት። እሱም ታዝዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ማሞቂያው ግን ኮሪደሩ ድረስ አይዘልቅም፤ ጥቂት ቆይቶ «ኧረ ክላይድ፣ እዚህ ደርቄ ልቀርልህ ነው!» ብሎ ጮኸ። አቶ ክላይድ አዘኑለት። «በል ና፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ቁም፤ እዚያ ይሞቃል» አሉት። የሽንት ቤቱ በር የሚከፈተው ወደ ቢሮው ነው፤ መቀርቀሪያው ስለተሰበረም ገርበብ እንዳለ ይቀራል። አቶ ክላይድ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «በነፃ ፈቃድሽ፣ ባልሽ ሳያስገድድሽ ነው የምትፈርሚው?» ሲሉኝ፣ እኔ ገና መነጽሬን ከቦርሳዬ እየፈለግሁ ነበር። መልሱ ከሽንት ቤት መጣ።

«አዎ ብላለች በልና ጻፍ እንጂ ክላይድ! ያመጣችልህ ፒሮጊ መኪና ውስጥ በረዶ ሆነ እኮ!»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ፤ እየሳቅሁም ፈረምኩ። አቶ ክላይድ ከእኔ ስም በታች «ከባሏ ለይቼ ጠይቄያታለሁ» ብለው ፈርመው፣ ድንች በሊጥ ጠቅልዬ የሠራሁላቸውን ፒሮጊ ከመኪናው ሳመጣላቸው ከነሳህኑ ተቀበሉኝ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ ገለል ያለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ባሌ ነው፣ ያውም እስከ ሽንት ቤት።

4. በየገናው ስለሚልኩልን የቀን መቁጠሪያ አመሰግናለሁ። የምንወጣበትን ቀን አክብቤበታለሁ።

5. ሳይነግሩኝ ስለቀሩት ነገር። መያዣው ማሽኑ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቤታችንና ቤቱ ያረፈበት መሬት አብረው መያዛቸውን ያወቅሁት፣ ዝናቡ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቀርቶብን፣ ብድሩን መክፈል አቅቶን ደብዳቤዎ በደረሰን ቀን ነው። ኦረስት ደብዳቤውን አንብቦ ወንበር ላይ ዘጭ አለና «እኔ ክላይድ የነገረሽ መስሎኝ ነበር እኮ» አለኝ። እኔም «አንተ የምታውቀው ነገር ቢኖር ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ» አልኩት። በዚያ ቤት ልጆቼን አሳድጌያለሁ፤ አማቴን አስታምሜ ዓይናቸውን የጨፈንኩት እዚያው ነው። ይቆጨኛል። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሳቄ ነው።

አሁን ደግሞ ቤቱን በፈቃዳችን እንድናስረክብ የሚል ሌላ ወረቀት ልከውልናል፤ ከግርጌውም «ከመፈረምዎ በፊት ገለልተኛ የሕግ ምክር እንዲያገኙ እንመክራለን» ይላል። በዚህ ጊዜ ምክርዎን ሰማሁ። ሳስካቱን ሄጄ፣ እርስዎን የማታውቅ፣ ኩርሊንግ የማትጫወት፣ ወይዘሪት ኒኮል ዴዣርሌ የምትባል ጠበቃ ዘንድ ገባሁ። ኦረስትን ከመንገዱ ማዶ መኪናው ውስጥ፣ ማሞቂያውን ከፍቼለት ተውኩት። እሷም «ያን ቀን ባለቤትዎ የት ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም የሽንት ቤቱን ታሪክ በየሠርጉና በየልደቱ ለምደነው የለ፣ የኦረስትን ድምፅ እያስመሰልኩ አወራሁላት። አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፤ ቀስ ብለው» አለችኝ።

ፍርድ ቤቱ ምን እንደሚል አላውቅም፤ ቤቱንም ላጣው እችላለሁ። ምስክር ግን አላጣም። ይህን ቀልድ ያልሰማ የዶቭ ሌክ ሰው የለም፤ በኩርሊንግ ክበቡ እራት ላይ ከመድረክ ያወሩትማ እርስዎ ነዎት፣ ሰውም እንባው እስኪወርድ ነው የሳቀልዎት። ኦረስት መጀመሪያ «ዳኛ ፊት ቆሜ ሽንት ቤት ነበርኩ ልበል?» ብሎ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ሲመሽ ግን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠና «እሺ፤ ያኔ ባንቺ ስም መለስኩ፣ አሁን በራሴ ስም እመልሳለሁ» አለኝ።

ስለ ደግነትዎ፣ ስለ ፈገግታዎና በስሜ ስለተሰጠው መልስ ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ መኖሪያዬ እስካሁን እዚያው በቤቴ የሆነ፣

ታዛዥ ደንበኛዎ
ቬርና ኮስቲዩክ

ማስታወሻ፦ በዚህ ሳምንት የፍርድ ቤት መጥሪያ ይደርስዎታል። ከመፈረምዎ በፊት ገለልተኛ የሕግ ምክር እንዲያገኙ እመክራለሁ። አቶ ክላይድ እንኳ አይመቻቸውም፤ እሳቸውም ተጠርተዋል። ሌላ ጠበቃ ካገኙ ግን፣ አፍዎን ከመክፈትዎ በፊት የሽንት ቤቱን በር ገፋ አድርገው ይዩ።