የጀልባው ፊልም መጨረሻ

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ

ወንድምዓለም፣

ሰላምታውን በስልክ ስለምንጨርሰው እዚህ አላስረዝመውም። በስልክ የማልነግርህን ነገር ልጽፍልህ ነው የተቀመጥኩት። አባዬ አጠገቤ ሆኖ እየሰማ እንዴት አድርጌ ልንገርህ?

የላክኸው ቴሌቪዥን ደርሷል። ግድግዳውን ሙሉውን ስለያዘው የእማዬን ፎቶ አውርደን መኝታ ቤት ሰቅለነዋል። ሊገጥምልን የመጣው ኤሌክትሪሺያን «አባት፣ እንግዲህ ሲኒማ ቤቱ ራሱ ቤትዎ ድረስ መጣልዎ» ሲለው አባዬ ፈገግ ብሎ መረቀው። አንተም ስትደውል «ጥራቱ እንደ ውሃ ነው ልጄ» አለህ። እኔ እዚያው ቆሜ ጥርሴን ነክሻለሁ። አባዬ ያን ቴሌቪዥን አያየውም።

የዓይን ግፊት ነው። ሐኪሙ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረችውን ግን በጠብታ ማቆየት እንደሚቻል ነግሮናል። የቀረችው ማለት ብርሃንና ጥላ ናት። ሰው በበሩ ሲገባ ያውቃል፤ ማን እንደሆነ ግን ድምፁን እስኪሰማ አይለይም። እንዳልነግርህ አስምሎኝ ነበር። «እዚያ ሆኖ ምን ያደርግልኛል? እንቅልፍ ማጣት ነው ትርፉ» አለኝ። ማልኩለት፤ ይኸው ዛሬ አፈረስኩት።

አንተ «የሚወዳቸውን ፊልሞች ሁሉ ጠይቂልኝ፣ ከዚህ ፈልጌ እልካለሁ» ያልክ ጊዜ ደስታውን ብታየው። ስማቸውን ትቶ በራሱ አጠራር እንደሚጠራቸው ታውቃለህ፦ ሽፍታው፣ መበለቲቱ፣ ሁለቱ ዳኞች፣ ከሁሉም በላይ ያ የጀልባው ፊልም። ባልደረባህ ፊልሞቹን የጫንክበትን ፍላሽ ካመጣልን ወዲህ ቅዳሜና እሁድ የኔ አይደሉም። ሳምንቱን ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆሜ «ከምግብ በኋላ፣ ጠዋትና ማታ» ስል እሰነብትና፣ ቤት ገብቼ ደግሞ ፊልም እተርካለሁ። ከታች የሚያልፈውን ጽሑፍ አነብለታለሁ፤ የሚታየውን ሁሉ እነግረዋለሁ። ይህ ቀላል እንዳይመስልህ።

«ሰውየው ገባ። ተናዷል» እለዋለሁ።

«ተናዷል አትበይኝ። እጁ ምን እያደረገ ነው?»

«ኪሱ ውስጥ ነው።»

«ሁለቱም?»

«አላየሁትም አባዬ፣ አለፈ።»

«እንግዲያው መልሺው።»

እመልሰዋለሁ። እንዲህ እየመለስን ሽፍታው ፈረሱ ላይ ለመውጣት ግማሽ ቀን ፈጀበት። በዚህ መሀል አንተ ትደውልና «አባዬ፣ ይታይሃል ወይ?» ትለዋለህ፤ እሱ «እንዴታ!» ይልሃል፤ እኔ ሪሞቱን ይዤ ጣራ ጣራ አያለሁ።

ባለፈው እሁድ የጀልባውን አስከፈተኝ። ታሪኩን ከልጅነታችን ጀምሮ ሲያወራልን ነው ያደግነው። የጀልባ ቀዛፊው ልጅ ወንዙን ተሻግሮ ለሥራ ይሄዳል፤ አባትየው በየቀኑ ሰው እያሻገረ ይጠብቀዋል። በስተመጨረሻ ልጁ ይመጣና መቅዘፊያውን ከአባቱ እጅ ተቀብሎ «በል አንተ ተቀመጥ» ይለዋል። እዚህ ጋ ሲደርስ አንተ ሁልጊዜ ታጨበጭብ ነበር።

ፊልሙ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ወንዙ ላይ ድልድይ ይሠራል። ሰው ሁሉ በድልድዩ መሄድ ይጀምራል። ሽማግሌው ጀልባውን ዳር አውጥቶ ይገለብጠውና ላዩ ላይ ይቀመጣል። በቃ፣ አለቀ።

«ምነው ዝም አልሽ? መጣ?»

«አልመጣም።»

«ልብ ብለሽ እዪ። በማዶ በኩል ነው የሚመጣው።»

«አባዬ፣ የተዋናዮቹ ስም እየወጣ ነው። አልቋል።»

«ሌላ ፊልም ነው የጫኑልን። ወይም ሰልችቶሽ ዘለልሽው።»

ይህችን ሲለኝ ውስጤ ነደደ። «የሌለ ልጅ ከየት ላምጣልህ? እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ!» አልኩት። የትኛውን ልጅ ማለቴ እንደሆነ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ እራት ሳቀርብለት «እሺ»፣ ጠብታውን ሳደርግለት «እሺ»፤ ሌላ ቃል አልወጣውም።

ሐሙስ ከሥራ ስገባ ወንበሩን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«አንቺ አልዘለልሽውም» አለኝ። «ያን ፊልም ሲኒማ ቤት ያየን ዕለት አንቺን አክስትሽ ጋ ትተን ነበር የወጣነው። መሀሉ ላይ እናትሽን ምጥ ያዛት። ደግፌያት ወጣሁ። ወንድምሽን ያቀፍኩት ጊዜ ነው መጨረሻውን ራሴ የጨረስኩት። ደጋግሜ ሳወራው ጊዜ ያየሁት መሰለኝ።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጉልበቴን በእጁ ፈልጎ አገኘና መታ መታ አደረገኝ።

«የኔ በቃ። አሁን አንቺ የምትወጂውን ክፈቺ፤ እኔ ልስማ። ከሁሉ አብልጠሽ የምትወጂው የትኛውን ነው?»

ወንድምዓለም፣ አሰብኩ፤ የመጣልኝ ሁሉ የሱ ነው፣ ወይ ያንተ። እማዬ ከታመመችበት ጊዜ ወዲህ ለራሴ ብዬ ሲኒማ ቤት የገባሁበት ቀን ትዝ አላለኝም። «አስቤ እነግርሃለሁ» ብዬው ወጥ ቤት ገባሁ። ዕቃ ሳጥብ ብርጭቆ ከእጄ ላይ ተሰበረ። መናደዴን አውቄአለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን እስካሁን አልለየልኝም።

ሥራህን ጥለህ ና አልልህም። ዕቃ ግን አትላክልን። ስትደውልም ይታይሃል ወይ ብለህ አትጠይቀው፤ መዋሸት እያደከመው ነው። እኔ ደህና ነኝ። መሥሪያ ቤታችን ሌላ ከተማ አዲስ ቅርንጫፍ ከፍቶ ኃላፊ ሁኚልን ብለውኛል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ስጪ ተብያለሁ። ይህን የምጽፍልህ እንድታውቀው ያህል ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ፈጣሪ የሄድክበትን መንገድ ያቅናልህ፤ ከክፉ ሰውና ከብቸኝነት ይሰውርህ፤ ዓይንህን ይጠብቅልህ።

ይህን ስጽፍ አባዬ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ የእስክሪብቶዬን ድምፅ ሲያዳምጥ ቆየ። «ለማን ነው እንዲህ የምትጽፊው?» አለኝ። «ለመሥሪያ ቤት» አልኩት። ፊቱን ወደኔ አዙሮ «አባትህ ደህና ነው በይው» አለኝ።

እህትህ