አሥራ ሁለት ክንድ ሰንሰለት፦ የአቶ ዋቅወያ ደረሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዋቅወያ ደረሳ ከአባታቸው ከአቶ ደረሳ ባቻና ከእናታቸው ከወ/ሮ ቀለሟ ሞረዳ በ1903 ዓ.ም. ከቢላ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ተወለዱ። እናታቸው ሲያጫውቱን እንደ ሰማነው፣ ገና በስምንት ወራቸው ከተኙበት ቁርበት ላይ ድኸው ደጅ ወጥተው የተገኙ ሕፃን ነበሩ። ከዚያ ወዲህም አንድ ቦታ ረግተው ሲቀመጡ ያያቸው ሰው የለም። ይህን ታሪክ የጻፈው የባለቤታቸው ወንድም ተክለጻድቅ መሸሻ ሲሆን፣ ሠላሳ ዓመት አብሯቸው ማዕድ ቀርቦ ምግቡን ሳይጨርሱ ተነሥተው ሲሄዱ በማየት ብዙ ጊዜ የተናደደ ሰው ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በነቀምቴ ሚስዮን ትምህርት ቤት ገብተው ከ1912 እስከ 1917 ዓ.ም. ንባብ፣ ጽሕፈትና የእንጨት ሥራ ተማሩ። በ1921 ዓ.ም. ቡና ከጫኑ ነጋዴዎች ጋር ጋምቤላ ወርደው በባሮ ወንዝ ወደብ ላይ በተሸካሚነት ተቀጠሩ። በሁለተኛው ዓመት ከተሸካሚነት ወደ ጀልባ ሠራተኛነት ተዛወሩ። የወለጋ ደገኛ ወንዝን የሚያውቀው ለመሻገር ነው፤ እሳቸው ግን ወንዝ ላይ ለመኖር ተመኙ።

በጋምቤላ ያስተማሯቸው አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ የጀልባ አዛዥ ነበሩ። ጀልባን የሚይዘው የመልሕቁ ክብደት ብቻ አለመሆኑን ከእሳቸው ተማሩ። መልሕቅ ወደ ላይ ከተሳበ ይነቀላል፤ በአግድም ከተሳበ ግን መሬቱን እየነከሰ ይሄዳል። ስለዚህ ከመልሕቁ ቀጥሎ ወንዙ ወለል ላይ በክብደቱ የሚተኛ ሰንሰለት፣ ከሰንሰለቱ ቀጥሎ ደግሞ ረጅም ገመድ ያስፈልጋል። የሰንሰለቱ ርዝመት ቢያንስ የጀልባዋን ያህል፣ የገመዱ ርዝመት ደግሞ የውኃውን ጥልቀት ሰባት እጥፍ መሆን አለበት። አቶ ዋቅወያ ይህንን ትምህርት እንደ ጸሎት በቃላቸው ይዘውት ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ሲመጣ ከጋምቤላ ወጥተው ደምቢ ዶሎና ጊምቢ ሲንከራተቱ ቆዩ። በ1934 ዓ.ም. ወደ ነቀምቴ ተመልሰው በማግሥቱ ዓመት ከወ/ሮ የሺአረግ መሸሻ ጋር ተጋቡ። የእህቴና የእኔ አባት ከጎጃም የመጡ ሰው ነበሩና፣ ሙሽራው ከጋብቻው ሽማግሌዎች ፊት ሁለት ጊዜ ተነሥተው ዝናቡን ለማየት ሲወጡ፣ ልጄን ለሰው ነው ወይስ ለደመና የምሰጠው ብለው ነበር። ሆኖም ሰጧቸው። ባልና ሚስቱ በነቀምቴ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ቤት ሠርተው፣ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ ልጃቸውን እሸቱን በ1937፣ ልጃቸውን ደራርቱን በ1940 ዓ.ም. ወለዱ።

በ1936 ዓ.ም. አቶ ዋቅወያ አሥራ ሦስት ክንድ የምትረዝም ጀልባ ከዋንዛ ሳንቃ ሠርተው፣ ስንጥቋን በሬንጅ ደፍነው፣ አንገር ወንዝ መሻገሪያ መልካ ላይ አወረዷት። ከጊዳ ወደ ነቀምቴ ገበያ የሚመጣ ሰው ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ እስኪጎድል ወዲያ ማዶ ያድር የነበረው ከዚያ ዓመት ወዲህ ቀረ። ቀዛፊ አድርገው የያዙት የመልካውን ሰው ጃራ ሞረዳን ነው። አቶ ጃራ የሟቹ የእናት ዘመድ ሲሆኑ፣ ስለ ጀልባ የሚያውቁትን ሁሉ የተማሩት ከአቶ ዋቅወያ ነበር።

በክረምት የአንገር ዳር ይናዳል። ጀልባን ዛፍ ላይ ማሰር አይቻልም፤ ዛፉም ራሱ ይሄዳልና። ስለዚህ ጀልባዋ ከዳር ጥቂት ፈንጠር ብላ በመልሕቅ ቆማ፣ ሰው በሳንቃ ተራምዶ ይገባባታል። መልሕቁን ከካሚዮን ባሌስትራ ያስቀጠቀጡት አቶ ዋቅወያ ናቸው። ሰንሰለቱን ሲመርጡ ያየ ሰው የሚድሩት ልጅ ያላቸው ይመስለው ነበር። እያንዳንዱን ቀለበት በመዶሻ መትተው ድምፁን ይሰማሉ፤ ድምፁ የደፈነውን ይጥላሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይዳስሱታል። ገመዱን ጫፉን ፈትተው ያሸቱታል፤ ከውስጥ ሻጋታ ከሸተተ አይወስዱትም። ገመዱ ከሰንሰለቱ በሚገናኝበት ቦታ ብረቱ ገመዱን እንዳይበላው በቀለበቱ ውስጥ የቆርቆሮ ሽፋን ያስገባሉ፤ የሚያያይዘውን ቡሎን በሽቦ ይጠመጥሙታል። በመጨረሻም ቀዛፊው ምን ያህል ገመድ እንደለቀቀ እንዲያውቅ በየአሥር ክንዱ ቀይ ጨርቅ ያስራሉ። እንዲህ አድርገው የገጣጠሙት አሥራ አምስት ክንድ ሰንሰለትና ሰባ ክንድ ገመድ ዘጠኝ ክረምት ሙሉ አንድም ቀን አልከዳም።

አሁን የምጽፈው ሟቹ ራሳቸው እንዲነበብ ያዘዙት ነው። በ1945 ዓ.ም. በጋ የቤታቸው ጉድጓድ ገመድ እየተበጠሰ ሦስት ባልዲ ጉድጓድ ገባ። እህቴ የሺአረግም የወንዙን ጀልባ አስረው ይይዛሉ፤ የቤትዎን ባልዲ ግን መያዝ አቃተዎት እያለች ታሽሟጥጣቸው ነበር። በመጋቢት ወር መልካው ሲወርዱ ጀልባዋ ደረቅ ላይ ተገልብጣለች፤ አንገርም ከጉልበት አያልፍም። ሰንሰለቱ ያለ ሥራ አፈር ላይ ተጋድሞ አዩት። አሥራ ሁለቱን ክንድ ለጉድጓዱ ባልዲ ፈትተው ወስደው ሦስቱን ብቻ ከመልሕቁ ጋር ተዉ፤ በጎደለው ፈንታም ገመድ ቀጠሉበት። አቶ ጃራ ለምን እንደ ሆነ ሲጠይቋቸው፣ ስትጎትተው እንዲቀልህ ነው አሏቸው፤ አቶ ጃራም አመኗቸው። በቀጠሉትም ገመድ ላይ ቀይ ጨርቅ አላሰሩም። ወንዝን በመጋቢት መለካት የእንግዳ ሰው ስሕተት ነው፤ የተወለዱበት አገር ወንዝ ላይ ይህን መሳሳታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሰኔ ሲገባ እመልሰዋለሁ ብለው ነበር። ሰኔ ገባ፤ ባልዲው በደንብ እየወረደ ይወጣ ስለነበር ሳይመልሱት ቀሩ።

ቅዳሜ ነሐሴ 9 ቀን 1945 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ሰባት ሰዎች ከነቀምቴ ገበያ ተመልሰው ጀልባዋ ላይ እየተሳፈሩ ሳለ፣ ከላይ አገር የዘነበው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ በድንገት ደረሰ። መልሕቁ ተነቀለ። ጀልባዋ እየተሽከረከረች ወርዳ ከወደቀ የሾላ ግንድ ጋር ተጋጭታ ተገለበጠች፤ ገመዱም ተቆርጦ መልሕቁ ከነሰንሰለቱ ወንዙ ውስጥ ቀረ። አቶ ጃራ ሦስት ሰው በእጃቸው አወጡ፤ ሌሎች ሦስት ቅርንጫፍ ይዘው ተረፉ። የጊዳዋ በርበሬ ነጋዴ ወ/ሮ ድርቤ ግን አልወጡም። በሦስተኛው ቀን ከታች ተገኙ።

የአገር ሽማግሌዎች ነገሩን ለማጣራት ሲቀመጡ አቶ ጃራ መልሕቁን ጣልኩት፣ ገመዱንም ለቀቅኩት፣ አልያዘልኝም አሉ። ገመዱ ሁሉ ስለመለቀቁ ይምሉ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ የተቀጠለው ምልክት ስላልነበረው መማል አልቻሉም። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ወደ አቶ ዋቅወያ ዞረው፣ የጋምቤላውን ሥራ የሚያውቁ እርስዎ ነዎትና መልሕቅ በምን ምክንያት አይይዝም አሏቸው። እሳቸውም ገመድ በበቂ ካልተለቀቀ አይይዝም ብለው መለሱ። ይህ ቃል እውነት ነው። እውነት በመሆኑም በአቶ ጃራ ላይ ፈረደ።

አቶ ጃራ ከመልካው ተነሡ፤ በእሳቸው ቀዘፋ የሚሻገር ሰው ጠፋ። ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ቢላ ሄደው እስከ ዛሬ እንጨት በመፍለጥ ኖረዋል። ከሁሉ የከፋው ግን እሳቸው ራሳቸው ማመናቸው ነው። ያስተማራቸው ሰው ገመድ አልተለቀቀም ካለ፣ አልለቀቅኩ ይሆናል ብለው አሥራ ዘጠኝ ዓመት እጃቸውን ሲጠራጠሩ ከረሙ።

አቶ ዋቅወያም ከዚያ ወዲህ ሰላም አላገኙም። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ቁጭ ብድግ ይላሉ። ስብከት ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ የልጃቸው የደራርቱ ምርቃት ላይ ሳይቀር ነጎድጓድ ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጥተዋል። ክረምት በመጣ ቁጥር በበቅሎ ከአንገር ወደ ደዴሳ፣ ከደዴሳ ወደ ሌላው ወንዝ እየዞሩ የሰውን ጀልባ ሰንሰለት በክንዳቸው ሲለኩ፣ ያጠረውን ሲቀጥሉ፣ የዛገውን ሲለውጡ ኖሩ። ማንም አልጠራቸውም፤ ምንም አልተቀበሉም። ይህ ከተማ ደግ ሰው ብሎ ስም አወጣላቸው። ደግም ነበሩ፤ ግን የሚያስሮጣቸው ደግነት ብቻ አልነበረም። በቤታቸው ጉድጓድ ላይ ያለውን ሰንሰለት ግን አንድ ቀን እንኳ አልነኩትም፤ ውኃ ሲጠማቸው ከጎረቤት ይጠይቁ ነበር።

ሦስት ጊዜ ወደ ቢላ ሄደው ከአቶ ጃራ አጥር ተመልሰዋል። ይህን የነገሩኝ በዚህ ዓመት በግንቦት ወር ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ነው። ከጎናቸው ተቀምጬ ሳለ እጄን ይዘው፣ «ሶዳ፣ ቀብሬ ላይ የምታነበው ወረቀት ውስጥ አስገባው። ይህን ካላስገባህ ሌላውንም አታንብብ» አሉኝ። አማቾች ነንና በኦሮምኛ ሶዳ ብለው ነው ሁልጊዜ የሚጠሩኝ። እኔም ተናደድኩባቸው። በሕይወት እያለ አጥር ያላለፈ ሰው፣ ከሞተ በኋላ በሌላ ሰው አፍ ሊያልፍ ይፈልጋል ብዬ ተናደድኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማደር ግን በዛ። ይህን ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

እስከዚህ ድረስ የእሳቸውን ብቻ ጻፍኩ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ጨርሼ ሁለት ጊዜ ቀድጃለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ነገር ይጎድለዋል። በዚያን ዘመን በነቀምቴ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበርኩ። የሽማግሌዎቹን ጉባኤ ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያንን ሰንሰለትም በመጋቢት ወር የጉድጓዱ ግንድ ላይ የሰቀልነው አቶ ዋቅወያና እኔ ሁለታችን ነን። ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር። ገመድ በበቂ ካልተለቀቀ የሚለውን ቃል ስጽፍ ብዕሬ አልቆመም። የእህቴ ባል ነው፣ ስለ ጀልባ ደግሞ ምን አውቃለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። እሳቸው አሥራ ዘጠኝ ክረምት ሮጠዋል፤ እኔ ከዚያው ጉድጓድ ውኃ እየጠጣሁ ተቀምጫለሁ። ከሁለታችን ማን እንደሚብስ እግዚአብሔር ያውቃል።

አቶ ዋቅወያ ደረሳ ዓርብ ሐምሌ 14 ቀን 1964 ዓ.ም. በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ልጃቸው እሸቱ ከአዲስ አበባ እስኪደርስ ቀብሩ ለዛሬ እሑድ ተላለፈ። ትናንት ጠዋት ወደ ቢላ ሄጄ አቶ ጃራን እንጨት ሲፈልጡ አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው። መጥረቢያውን መሬት አስቀምጠው መዳፋቸውን ተመለከቱ። ከዚያም በኦሮምኛ፣ «ሀርካ ኮ ሚቲ ሬ?» አሉኝ፤ እጄ አልነበረም ወይ ማለታቸው ነው። አልነበረም አልኳቸው። ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሜ አልነበረም አልኳቸው። ከዚያ ከእኔ ጋር እንደሚመጡ ነገሩኝ፤ የለመኑኝም አንድ ነገር ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሰንሰለቱ ከጉድጓዱ ወርዶ በለቀስተኛው ፊት ተለክቷል፤ አሥራ ሁለት ክንድ ሆኗል። ከእናታቸው ሞት በኋላ እውነቱን ያልሰሙት የወ/ሮ ድርቤ ልጆችም ከጊዳ መጥተው ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ስለ ሟቹም ስለ ራሴም ይቅርታቸውን እለምናለሁ፤ ባይሰጡንም አይፈረድባቸውም።

አቶ ዋቅወያ ባለቤታቸውን ወ/ሮ የሺአረግን፣ ልጆቻቸውን እሸቱንና ደራርቱን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ በየወንዙም በእሳቸው ሰንሰለት የቆሙ ጀልባዎችን ትተው ሄደዋል። በሕይወታቸው ያላገኙትን ዕረፍት፣ ማዕበሉን ዝም ያሰኘው ጌታ በእቅፉ ይስጣቸው፤ ነጎድጓድ የሚሰማበት አገር አያድርጋቸው።

አቶ ጃራ የለመኑኝ ሣጥኑ ሲወርድ በራስጌ በኩል ያለውን ገመድ እንዲይዙ ነው። እኔም እሺ ብያለሁ። እንግዲህ ሸክም የያዛችሁ ወንድሞች፣ ገመዱን ለአቶ ጃራ ስጧቸው፤ እስከ መጨረሻው እሳቸው ይለቁታል።