አንዲት የምትነሳ ጣውላ ስለ መለመን

ለክቡር ሙሽሪፍ አቶ ዘለቀ
የኢስቲራሓው የወለል ሥራ የበላይ ተቆጣጣሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የፈጣሪ ሰላምታ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ ወገብዎ፣ ይልቁንም በዚያ ሐሙስ ያን ያህል ሩጫ የቻሉት እግሮችዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለምጽፍ ፊደሉ ከመጣመሙ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ይህን ደብዳቤ በቴሌግራም ማኅበራችን ላይ በግልጽ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። ፊት ለፊት ልነግርዎ ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀርቤ፣ ገና «ክቡር ሙሽሪፍ» እንዳልኩ ዞሬ ስለሄድኩ ነው። የቦታውን ስም አልጻፍኩም፤ በሳዑዲ ከሳምታ እስከ አሽ-ሹቀይቅ ድረስ ባለሀብቶች ዓርብና ቅዳሜ ከነቤተሰባቸው የሚዝናኑበት ኢስቲራሓ ብዙ ስለሆነ አንባቢ ደስ ያለውን ይገምት። የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ፤ የእርስዎንም ጨምሮ። እርስዎ ግን ራስዎን ያጡታል ብዬ አልሰጋም።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ የምናነጥፈው ጣውላ ከእንጨት ዱቄትና ከፕላስቲክ ተደባልቆ የተሠራ ነው፤ ፀሐይ አያጣምመውም፣ ምስጥም አይበላውም ይባልለታል። በሁለቱም ጎኑ ቦይ አለው። በቦዩ ውስጥ ትንሽ የብረት ማያያዣ ትገባና ከታች ካለው የብረት ቱቦላሬ ጋር በብሎን ትጠብቃለች፤ ከዚያ ቀጣዩ ጣውላ ይመጣና ማያያዣዋን በቦዩ ይውጣታል። ስለዚህ ከላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው አንድም ብሎን የለም። ከመካከል አንዲት ጣውላ ማንሳት የፈለገ ሰው ግን ከመጨረሻው ጣውላ ጀምሮ አንድ በአንድ እየፈታ መምጣት ግዴታው ነው። ወለሉ በብረት እግር ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚቆም ከሥሩ ሰው በሆዱ የሚሳብበት ያህል ባዶ ቦታ አለ፤ ዙሪያው ደግሞ የቤቱ፣ የገንዳውና የአጥሩ ግንብ ነው። መግቢያውም መውጫውም ገና ያልተነጠፈው ጎን ብቻ ነው። ይህንን ከያዙልኝ ወደ ምስጋናዬ እገባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ውበት አዋቂነትዎ። ሥራው ሲጀመር አናጢው ኑሩ በትሕትና ቀርቦ፣ በደረጃው አጠገብ አንዲቷን ጣውላ ብቻ ከላይ በሚታይ ብሎን ብናስራት፣ ቧንቧ ቢበላሽ ተነስታ እንደምታሠራ፣ ከሥር ሰው ቢኖርም እንደሚወጣባት ገልጾልዎ ነበር። እርስዎም ብሎን የሚታይበት ወለል የግመል በረት እንደሚባል አስተማሩን። ስለ ትምህርቱ እጅ እነሳለሁ። ይህን ወለል ከሥሩ ካዩት ጥቂት ሰዎች አንዱ እንደመሆኔ ልመስክርልዎ፤ ከሥርም ሲያዩት አንዳች የሚፈታ ነገር የለውም።

ሁለተኛ፣ ልማዳችንን ስለማሻሻልዎ። የኢሚግሬሽን ፖሊስ የሆነው የጀዋዛት መኪና ከአስፋልቱ ሲታጠፍ፣ ወረቀት የሌለን ሰዎች ባልተነጠፈው በኩል ተስበን ከቱቦላሬው ሥር እንገባለን፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ፣ ያላቸው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ጣውላ መደርደራቸውን ይቀጥላሉ። ይህ ልማድ ከእርስዎ በፊት የነበረ ነው፤ ብዙ ሰው አትርፏል። ደንቡም አንድ ነው። በግንቡ በኩል ያሉት የመጨረሻዎቹ ጣውላዎች፣ ከሥር ያለው ሰው ሳይወጣ አይነኩም። በዚያ ሐሙስ ግን የመጡት ወታደሮች ቶሎ አልሄዱም፤ ጥላው ተስማምቷቸው ሻይ ይምጣልን ብለው ተቀመጡ። እርስዎም እጁን አጣጥፎ የቆመ ሠራተኛ እንዳይታይብዎ፣ ባለ ኢቃማውን ኑሩን «ያላ፣ ያላ፣ ጨርሰው!» እያሉ ያጣድፉት ጀመር። ኑሩ ወደ ታች በዓይኑ እየጠቀሰ ሊያስታውስዎ ሞክሮ እንደነበር ኋላ ነግሮኛል። ዓይኑን ምን ነካው ብለው እንደጠየቁትም ነግሮኛል።

እኔና ብሩክ ከሥር ሆነን ብርሃኑ ጣውላ በጣውላ ሲጠብ እናያለን። ድሪሉ ሲጮህ ብረቱ በጥርሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ድሪሉ ዝም ሲል ደግሞ በጣውላዎቹ መካከል በቀረችው ስንጥቅ የወታደሮቹ ጫማ ይታየኛል፣ ሻይ ሲያማስሉ የማንኪያቸው ድምፅ ይሰማኛል። ማሳል አማረኝና ክንዴን ነከስኩ። የመጨረሻው ጣውላ ግንቡ ጋ ደርሶ ሲገጥም፣ የእሱ ብሎን እንኳ እንዳይታይ በጣውላው ቀለም ሲደፈን፣ ብሩክ እጄን ያዘኝ። ብሩክ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ በየመን በኩል ሲመጣ ያላየው መከራ የለም። እንዲህ የሰው እጅ ሲይዝ ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍጥነትዎ። ወታደሮቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ከድንበሩ ማዶ ከየመን የተተኮሰው ሚሳይል በላያችን ሰማይ ላይ ተመትቶ ፈነዳ። እዚህ ለከረምን ሰዎች ይህ ድምፅ እንግዳ አይደለም። ሜዳ ላይ ቆሞ መስማትና ከተዘጋ ወለል ሥር ተጋድሞ መስማት ግን ለየቅል ነው። መሬቱ ሆዴን መታኝ፤ በየስንጥቁ አሸዋ ዘነበብን። ከላይ ወንበር ወደቀ፣ ብርጭቆ ተሰበረ፣ ጫማዎቹም ሁሉ ሮጡ። ከሁሉም ቀድሞ የሮጠው ቡናማው ጫማ የማን እንደነበር እዚህ ማንሳት ከአክብሮቴ ጋር አይሄድምና አልፈዋለሁ።

ከዚያ ጸጥ አለ። እንጩህ አልን፤ ነገር ግን ወታደሮቹ ይሂዱ ይኑሩ በምን እናውቃለን? ብንጮህ እንያዛለን፤ ዝም ብንል ደግሞ ከዚህ ወለል ሥር ሰው መኖሩን ማን ያስባል? ሁለተኛው ሲፈነዳ አፌን አሸዋው ላይ ደፍቼ ጮህኩ። ክቡር ሆይ፣ በየመን ደላሎች አግተው ሲገርፉኝ ፈርቻለሁ፤ ድንበሩን ስንሻገር ሲተኮስብንም ፈርቻለሁ። እንደዚያ ቀን ያለ ፍርሃት ግን በዕድሜዬ አላየሁም። ድምፄ እንዳይሰማ እየፈራሁ፣ ሳይሰማ እንዳይቀርም እየፈራሁ ነበር። እናቴን ጠራሁ። ሽንቴንም መቆጣጠር አልቻልኩም፤ ሊያፍር የሚገባው ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ይህንንም በአደባባይ ጻፍኩት።

አራተኛ፣ ለንብረት ስላለዎት ጥንቃቄ። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ ከኢስቲራሓው ለይተው ያዳኑት አንድ ነገር ነበር፤ እሱም ድሪሉ ነው። ኑሩ ሮጦ ሮጦ «ሰዎቹ!» ብሎ ሲመለስ የሚፈታበት መሣሪያ አጣ። የማያያዣዎቹ ብሎን ጭንቅላቱ ኮከብ ስለሆነ በወጥ ቤት ቢላዋም በምንም አይፈታም። ቢደውልልዎ ሰማዩ ሲረጋ እንደሚመጡ ነገሩት፤ ጣውላው ከጅዳ ታዝዞ የመጣ መሆኑን፣ አንዲቱን በዲጂኖ ቢሰብር ግን ኢቃማውን ለያዘለት አሠሪ፣ ለከፊሉ፣ ነግረው እንደሚያሰርዙበት ጨምረው አሳሰቡት። ኑሩ ዲጂኖውን እንደያዘ ከበላያችን ተቀምጦ ሲያለቅስ እንሰማው ነበር። አልፈረድኩበትም፤ እሱም የሚፈራው ነገር አለው።

ጣውላው ያን ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ጠጥቶ ወደ እኛ ይመልሰው ጀመር። ኑሩ ውሃ አምጥቶ በስንጥቁ አንጠባጠበልን፤ በጀርባዬ ተንጋልዬ አፌን ከፍቼ ጠጣሁ፤ ግማሹ ዓይኔ ውስጥ ገባ። «አይዞህ ወንድሜ፣ አሁን ይመጣል፣ ወላሂ አሁን ይመጣል» ይለኛል፤ እርስዎን ማለቱ ነው። የመግሪብ አዛን ሲሰማ መጡ። ከግንቡ ጀምረው አንድ በአንድ ሲያስፈቱ፣ ብሩክ ወጥቶ መቆም አቅቶት ግንቡን ተደግፎ ሲያስመልሰው፣ እርስዎ በርከክ ብለው የጣውላው ጠርዝ ተጭሮ እንደሆነ በጣትዎ ይዳስሱ ነበር። እንኳን ደስ ያለዎ፤ አልተጫረም።

አምስተኛ፣ ስለ ብሩክ። ይህን በሹፈት ልጽፈው አልቻልኩም። ጀዋዛት ዳግመኛ ሲመጣ ብሩክ አልገባም አለ። እጁን ይዤ ጎተትኩት። «አንተ ግባ፤ እኔ ሰማይ እያየሁ ይያዙኝ» አለኝና ገንዳው ዳር ቆሞ ጠበቃቸው። ሲወስዱት በስንጥቁ አየሁ፤ አልሮጠም፣ እጁን ሰጣቸው። አሁን እስር ቤት ነው። ሚስቱ ባዩሽ ከአገር ቤት ስትደውል ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ፤ ለምን እንደ ሌሎቹ እንዳልተደበቀ ትጠይቀኛለች። እርስዎ እንዲያስረዱልኝ ቁጥሯን ልልክልዎ ዝግጁ ነኝ።

እኔ እንደ ብሩክ መቆም አልቻልኩም፤ መያዙንም መታፈኑንም እኩል ስለምፈራ መኪናው ሲመጣ አሁንም እገባለሁ። ማታ ክፍላችን ሲዘጋ ላብ ያጠምቀኛልና ጓደኞቼ በሩን ገርበብ አድርገው ይተኛሉ። ድሪል ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ ወደ ሜዳ እሮጣለሁ፤ የምሠራው ደግሞ ድሪል በሚጮህበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነው። አሁን ከወንዶች መጅሊስ፣ ከእንግዳ መቀበያው፣ ፊት ለፊት የጀመርነው ሁለተኛው ወለል ከመጀመሪያው ይሰፋል፣ ከመሬት ያለው ከፍታም ያንሳል። እባክዎ ክቡር ሙሽሪፍ፣ በማዕዘኑ በኩል አንዲት ጣውላ፣ አንዲት ብቻ፣ ከሥር በእጅ ተገፍታ የምትነሳ ትሁንልን። ብሎኗ ዓይንዎን ካስከፋው የአበባ ማሰሮ ይቀመጥባት፤ አበባውን እኛ እናጠጣለን። ይህንንም ቢከለክሉን አልቀየምዎትም፤ ጌታ የሚያምርበት ወለል ያስፈልገዋል፣ ከሥሩ ያለው ሰው ደግሞ በጌታው እንግዶች ፊት እንዳይታይ ሆኖ የተሠራ ነው።

በተረፈ ጤናና ዕድሜ አብዝቶ ይስጥዎ። እግርዎን ከእንቅፋት፣ ጆሮዎን ከፍንዳታ፣ ጣትዎን ከስንጥር ይጠብቅልዎ፤ ከስንጥር እንኳ ጣውላው ራሱ ይጠብቅዎታል፣ ስንጥር የለውምና።

ከማያልቅ አክብሮትና ከማይቆም መንቀጥቀጥ ጋር፣
ሻይ በሚጠጡበት ወለል ሥር የሚገኘው፣
ስሙን ለመጻፍ የፈራ ታዛዥዎ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ የእርስዎም አሠሪ፣ ከፊልዎ፣ ኢቃማዎን አላድስም ማለቱን፣ ስምዎንም ከሥራ ጠፍቷል ብሎ ማስመዝገቡን ሰማሁ። ውሸት ይሁን ብዬ ጸለይኩ፤ ከልቤ ነው። እውነት ከሆነ ግን እርስዎም እንደ እኛ ወረቀት አልባ ሆነዋልና ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። ፈቃድዎን ሳንጠብቅ በአዲሱ ወለል ላይ አንዲቷን ጣውላ ያለ ማያያዣ አስቀምጠናታል፤ ከሌሎቹ ፈጽሞ አትለይም፣ ለዚህም የሚታይ ብሎን የከለከሉትን እርስዎን እናመሰግናለን። የትኛዋ እንደሆነች እዚህ አልጽፍም። መኪናው ሳይመጣ ኑሩን ይጠይቁትና በእጅዎ ያስነካዎ፤ አንዴ ከገቡ በኋላ ፍርሃቱ ዓይን ያጠፋል። እኔ ከጎንዎ እሆናለሁ። እጅ መያዝ ቢያምርዎ አይፈሩ፣ ይያዙኝ።