ስለተነቀለው የጣውላ ወለል፦ ለሕንፃችን ኮሚቴ ሰብሳቢ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም የአንዲት መዶሻ ኮሽታ ሦስት ፎቅ አቋርጠው ለሚሰሙት ጆሮዎችዎ ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት አቀርባለሁ።

እኔ የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ፣ የጡረተኛው የሬዲዮ ዜና አንባቢ ልጅ ነኝ። ሐኪሞች አባቴ በአምስት ሳምንት ውስጥ ጉሮሮውን ቀዶ ጥገና እንደሚደረግለት፣ ከዚያ በኋላም ድምፅ እንደማይኖረው ሲነግሩን፣ እሱ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኛን ያሳደገባቸውን ዐሥራ ሁለት ተረቶች ለልጅ ልጆቹ ቀርጾ ማስቀመጥ። እኛም ትንሿን መኝታ ቤት ስቱዲዮ አደረግናት፤ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፈንን። የወለሉ ሴራሚክ ግን አባቴ የሚያነበውን እያንዳንዱን ቃል መልሶ ፊቱ ላይ ይወረውርበት ጀመር። ከዳር እስከ ዳር ወፍራም ምንጣፍ ብናነጥፍ ደግሞ ድምፁ ተሸፋፍኖ ተኝቶ የሚያወራ ሰው ድምፅ መሰለ። በመጨረሻ አባቴ ራሱ አንድ አናጢ ዘንድ ሄዶ፣ የወለል ጣውላ ናሙናዎችን አንድ በአንድ ወንበሩ ሥር እያስነጠፈ የአየር ትንበያ አነበበባቸውና ከሥሩ ላስቲክ ያለውን ጣውላ መረጠ። «ይሄ ድምፄን አይውጥብኝም፣ አይመልስብኝምም» አለ። ሰባት ተረት እዚያ ላይ ተቀረጸ።

እርስዎ የመጡት ሰባተኛው ባለቀ ማግስት ነው። ስለዚህ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ይቀርባል፦

1. «የወለል ዓይነት መቀየር ሕንፃ እንደ ማፍረስ ይቆጠራል» የሚለውን አንቀጽ ጣውላው ላይ ከነጫማዎ ቆመው ስላነበቡልን። ድምፅዎ እንዴት ጥርት ብሎ እንደተሰማ እርስዎም ሳያስተውሉት አልቀሩም።

2. የሐኪሙን ወረቀት ባሳየሁዎ ጊዜ «እህቴ፣ ደንብ ጉሮሮ አይመርጥም» ብለው ስላጽናኑኝ፤ ጣውላው በሦስት ቀን እንዲነሣ፣ የፈቃድ ማመልከቻችን ግን ኮሚቴው ሲሰበሰብ እንዲታይ ስለወሰኑልን። መቼ እንደሚሰበሰብ ስጠይቅዎም «ሰው ሲሟላ» በማለት ቁርጡን ስለነገሩኝ።

3. ጣውላው ከተነቀለ በኋላ ፍራሽ፣ ትራስ፣ የልጆቼን ካፖርት ሳይቀር ሴራሚኩ ላይ ደርድረን ሁለት ተረት ቀረጽን። በአንደኛው ውስጥ አንድ ጅብ ሲጮኽ ሦስት ጅብ ይሰማል። ልጆቼ በጣም ወደዱት። አባቴ ግን ራሱን ካዳመጠ በኋላ ማዳመጫውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ግድግዳው ዞሮ ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀን በኋላም አላነበበም። ይህን ያህል ውጤት ያለ ኮሚቴው ትብብር ባልተገኘ ነበር።

ቀዶ ጥገናው በቀጠሮው ተደረገ። አባቴ ደኅና ነው፤ ይበላል፣ ይራመዳል፣ ይስቃል፤ ሳቁ ብቻ ድምፅ የለውም። ሦስት ተረቶች ሳይነበቡ ቀሩ። ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማኅተሙ የደመቀ የፈቃድ ደብዳቤዎ ደረሰን። «ጥያቄያችሁ ተገቢ ሆኖ ስለተገኘ» የሚለውን ሐረግ፣ አባቴ በእጁ ምልክት እየሰጠኝ፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩለት። ከዚያም ለአናጢው እንድደውል ጠቆመኝ።

ጣውላው ትናንት ተመልሶ ተነጠፈ። የቀሩትን ተረቶች የማነበው እኔ ነኝ፤ እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስሳሳት ጣቱን ያነሣል። ዛሬ ጠዋት አንዲት ዐረፍተ ነገር ዐሥራ አንድ ጊዜ አስደገመኝ። በዐሥራ ሁለተኛው ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

ለሰጡን አፋጣኝ ምላሽ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ስብሰባዎም አንድ ቀን ሰው እንዲሟላለት ከልብ እመኛለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣
የአራተኛ ፎቅ ነዋሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባቴ «በዚያ በሚያምር ድምፁ» የኮሚቴውን መተዳደሪያ ደንብ አንብቦ እንዲቀርጽልዎ የጠየቁበት፣ ከፈቃዱ ጋር ያያያዙት ማስታወሻም ደርሶናል። መልሱን በገዛ እጁ ወረቀት ላይ ጽፎልዎታል፤ ሁለት ቃል ብቻ ነው። እዚህ ልገለብጠው አፍሬ ነው እንጂ፣ ብቅ ብለው ቢያነቡት ደስታውን አይችለውም።