እናታችን አርባ ሁለት ዓመት ያልጠራችው ስም

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለአስካለች፣
ድሬዳዋ።

እንደምን ከርመሻል እታለሜ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እግርሽን የሚያሳብጥሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ አሁንም ትራስ ላይ ሰቅለሽው ነው የምትተኚው? አሰፋስ ደኅና ነው? ልጆቹስ? ወይዘሮ ሮማነወርቅ ዓይናቸውን ታከሙ ወይስ ዛሬም ነገ እያሉ ነው? እኔ ለጤናዬ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አምቦ ክረምቱ ቀድሞ ገብቶ ጭቃው ጫማ ያስጥለናል። እናታችንም ደኅና ናት። ጉልበቷ እንደ ዱሮው አይደለም እንጂ ከጓሮዋ የሚያስቀራት የለም። እንደ ልማዷ፣ ለአስካለች ጻፍልኝ ብላ «ፈያ» ብላሻለች።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡና ስለ ሞቲ ፈተና አውርቼ ዘጋሁ። በመጨረሻው ቀን ድምፅህ ምን ሆነ ብለሽ ስትጠይቂኝ ጉንፋን ነው አልኩሽ። ጉንፋን አልነበረም፣ ሐፍረት ነው። ወረቀት ፊት አያይም ብዬ ይኸው ጻፍኩልሽ። ኦሮምኛውን በቁቤ ፊደል ማንበብ እንደሚያደክምሽ ስለማውቅ በተማርንበት በአማርኛ ነው የጻፍኩት። በሐምሌ ልጆቹን ይዘሽ ስትመጪ ከሰው ከምትሰሚው፣ ይልቁንም ከራሷ ከእናታችን ከአዮ አፍ በድንገት ከምትሰሚው፣ ከኔ ብትሰሚው ይሻላል።

እዚያ አገራችን ሸነን ትምህርት ቤት የገባሁበትን ሰሞን ታስታውሻለሽ? ልጆቹ ሁሉ ጠዋት ጠዋት «ነጋ» እየተባባሉ ሲገቡ እኔ ብቻ «ፈያ» እል ነበር። እናንተ ቤት ሰላም የለም እንዴ ብሎ አንዱ ሳቀብኝ። እያለቀስኩ ስመጣ አንቺ ከአጥሩ ጀርባ ወስደሽ፣ ነገሩን እንደ ትልቅ ሰው አስረዳሽኝ። አያታችን ነጋሳ ስለሚባሉ ነው አልሽኝ። ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፣ ስሙን የሚመስለውንም ቃል አትጠራም፤ ስለዚህ አዮ ሰው ሁሉ በኦሮምኛ «ነጋ» ብሎ ሰላም የሚልበትን ቃል ትታ፣ ጤና ለማለት፣ «ፈያ» ትላለች፣ እኛም ከእሷ ወረስነው አልሽኝ። ነጋዴ ማለትም አትችልም ነበር። ያን ደጉን ጨው ሻጭ ዓብዱልመጂድን እንኳ «የጨው ሰው» ነበር የምትለው፤ እሱም ወዶት ራሱን በዚያ ስም መጥራት ጀምሮ ነበር። እኔን ትምህርት ቤት ለማስመዝገብ ስም ከእነአያት ሲጠየቅ፣ እሷ በር ላይ ቆማ አጎታችን ኦቦ ተሬፋ ገብቶ ነው ያስመዘገበኝ።

እና ዛሬ የጥናቱ ባለቤት እኔ ነኝ ይባላል እንጂ መጀመሪያ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ይህን ያነሳሁት ከጥፋቱ ላካፍልሽ ብዬ አይደለም። ጥፋቱ የኔ የብቻዬ ነው።

እንደጻፍኩልሽ፣ ጥናቴ ያገቡ ሴቶች ስለሚሸሿቸው ቃላት ነበር። በመጋቢት የድምፅ መቅጃዬን ይዤ ሸነን ሄጄ ዐሥራ አራት ሴቶች አነጋገርኩ። በምትኩ የሚሉትን ቃል ሁሉም እየሳቁ ነገሩኝ። የሚሸሹትን ቃል ግን አንዷም ከአፏ አላወጣችም። ሥራዬን የሚያይልኝ ዶክተር አመዩ ረቂቁን አንብቦ፣ ምትኩን አሳይተኸናል፣ የተተካው የት አለ አለኝ። ሴቲቱ ቃሉን ስትጠራው ድምፅዋ ምን እንደሚሆን ካላሰማኸን ተረት እንጂ ጥናት አይሆንም አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፣ ሥራው ነው። እኔ ግን ነገሩ እንደ እሾህ ተሰካብኝ። የማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ በሚያዘጋጀው የጥናት ጉባኤ ላይ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ልታይ ልታይ የሚል ነገር ያዘኝ እታለም፣ ሌላ ስም አልሰጠውም።

ወደ አዮ ተመለስኩ። አይሆንም አለች። ቄሱ ራሳቸው ኃጢአት አይደለም ብለው የለም ወይ አልኳት። ኃጢአት ነው ብዬ መች ተውኩት፣ ስለማከብራቸው ነው አለችኝ። ደግሞ ያንቺን የልደት ቀን አነሳችብኝ። ምጥ ጠንቶባት አባታችን አገር ውስጥ ባልነበረበት ጊዜ፣ አያታችን በዚያ ዕድሜያቸው የቃሬዛውን ጫፍ ይዘው ጤና ጣቢያ ድረስ ትከሻ ሳይቀይሩ ተሸክመዋታል። ያን ቀን የእግዚአብሔርን ስም፣ የእናቷን ስም፣ የጎረቤቱን ሁሉ ስም እየጠራች ስትጮህ የእሳቸውን ግን አልጠራችም። በዚያ ያልጠራሁትን አሁን ቁጭ ብዬ ልጥራው አለችኝ።

ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። እኔ ሁለት ቀን ጨቀጨቅኳት። በመጨረሻ የእንጀራዬ ጉዳይ ነው አልኳት። ይህችን ስላት እንደምትሸነፍ እያወቅኩ ነው ያልኳት። ተነስታ በሩን ዘጋች፤ ዶሮዎቹን ሳይቀር አስወጣች። ከዚያ መቅጃውን እያየች ማን ይሰማዋል ብላ ጠየቀችኝ። እኔና ይህ ማሽን ብቻ ነን አልኳት።

«ማሽኑ አፍ አለው?» አለችኝ።

«የለውም» አልኳት።

የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ በሹክሹክታ «ነጋሳ» አለች። አስከትላም፣ ለኔ ሳይሆን ለእሳቸው፣ «አባቴ፣ ለልጁ እንጀራ ብዬ ነው፣ ይቅር በሉኝ» አለች። እኔ በዚያች ሰዓት ያየሁት እሷን አይደለም። ድምፁ ጥርት ብሎ መቀዳቱን ነው።

ጉባኤው ግንቦት 17 ቀን ዓርብ ዋለ። በዕለቱ ኦቦ ተሬፋን ከሸነን አስመጥቼ ነበር። የክብር እንግዳ ነህ ብዬ ነው የጠራሁት፤ እውነቱን ለመናገር የወንድሙ ልጅ በባለመነጽሮች ፊት ሲናገር እንዲያይልኝ ነው። ያቺን ለሠርግና ለለቅሶ የሚለብሳትን ኮት ለብሶ መጣ። ምሳም ከዶክተሮቹ ጋር በላ። ጠዋት አንዱ ስለ ረጃጅም አናባቢዎች ሲያቀርብ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋበት። ቀጥላ አንዲት ወጣት የአምቦ መናኸሪያ ረዳቶች አማርኛውንና ኦሮምኛውን በአንድ ትንፋሽ እንዴት እንደሚቀላቅሉት አቅርባ አዳራሹን በሳቅ ገደለችው። ቀናሁባት። የኔ ተራ ከምሳ በኋላ ነበርና ግማሹ ሰው ያንቀላፋል።

ሰንጠረዦቼን አሳየሁ፣ ማንም ቀና አላለም። ከዚያ ከአዲስ አበባ የመጡት አንዱ እንግዳ እጃቸውን አወጡና ማስረጃ አለህ ወይ አሉኝ። አለኝ አልኩ። አስቤ ነው እንዳልልሽ አላሰብኩም፤ አላሰብኩም እንዳልልሽ ደግሞ ቅጂውን ጠዋት ኮምፒዩተሬ ላይ አዘጋጅቼው ነበር። ቁልፏን ተጫንኳት። የአዮ ሹክሹክታ በአራቱም የአዳራሹ ማዕዘን በድምፅ ማጉያ ወጣ። ያንቀላፋው ነቃ። «ይቅር በሉኝ» የምትለው ላይ ሲደርስ ከኋላ ተማሪዎች ሳቁ፣ ሳቁም ወደ ፊት እየመጣ አዳራሹን ሞላው። እኔም ሳቅሁ እታለም። አብሬያቸው ሳቅሁ። ተናጋሪዋ ማን ናት ሲሉኝ፣ አንዲት የሸነን እናት ናት፣ ስሟን ለመግለጽ የጥናት ሥነ ምግባር አይፈቅድም አልኩ። ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር።

ኦቦ ተሬፋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው የተቀመጠው። ከመቀመጫው ተነሳ። አስተያየት ሊሰጥ መስሏቸው ማይክሮፎን ወሰዱለት። በእጁ መለሰውና ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ሰው እንኳን ደስ ያለህ እያለኝ ስለነበር ወዲያው አልተከተልኩትም። መናኸሪያ ስደርስ የሸነኑ አውቶቡስ ላይ ተሳፍሮ በመስኮቱ በኩል አገኘሁት።

«የወንድሜ ሚስት የአባቴን ስም አርባ ሁለት ዓመት ያዘችልን» አለኝ። «አንተ በአንድ ከሰዓት በተንከው።»

መኪናው እስኪሄድ ቆሜ ቀረሁ። ከጉባኤው የተሰጠውን ቦርሳ አዳራሹ ውስጥ ወንበሩ ላይ ትቶት ሄዶ ነበር፣ እስከ ዛሬ እኔ ቢሮ ነው።

በማግስቱ ቅጂውን ከኮምፒዩተሬም ከመቅጃውም አጠፋሁት። ግን እንግዳው በዕለቱ በፍላሽ ቅዳልኝ ብለውኝ በደስታ ቀድቼ ሰጥቻቸዋለሁ። እንዲያጠፉልኝ ጻፍኩላቸው። አታስብ፣ የተናጋሪዋ ስም አልተጠቀሰም፣ ችግር የለውም ብለው መለሱልኝ። የእሷን ስም ሸሽገን እሷ የሸሸገችውን ስም መበተናችንን በምን ቋንቋ ላስረዳቸው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ኦቦ ተሬፋ ለማንም ትንፍሽ አላለም። አዮ ጋ ያደረሰችው የጎረቤታችን ልጅ ቢሊሴ ናት፤ እዚህ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነች፣ አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ልጅቷ በክፋት አይደለም፤ ድምፅዎት በማጉያ ወጣ፣ ሁለት መቶ ሰው አጨበጨበ ብላ በኩራት ነው የነገረቻት። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈተና አርማለሁ እያልኩ ሸነን ሳልሄድ ቀረሁ። ከትናንት በስቲያ፣ እሑድ፣ ሄድኩ።

ጓሮ ድንች ስትኮተኩት አገኘኋት። ስታየኝ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጣችና እንደ ሁልጊዜው አገላብጣ ሳመችኝ። ከዚያ «ነጋዻ ልጄ?» አለችኝ።

ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ይህን ቃል ከእሷ አፍ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ሰላም ነህ ወይ ለማለት ሰው ሁሉ ሰውን የሚለው ሰላምታ ነው፤ ገበያ ያገኘኝ ሁሉ ይለኛል፣ የመሥሪያ ቤት ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ይለኛል። እሷ ስትለኝ ግን የማላውቀው ቤት የገባሁ መሰለኝ። አዮ፣ እንደሱ አትበይኝ አልኳት።

«ሁለት መቶ ሰው ፊት ከጠራኋቸው በኋላ ለማን ብዬ ልሸሽገው ልጄ?» አለች። ቁጣ የለበትም። ብትቆጣኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ጉልበቷን ይዤ ይቅርታ ስጠይቃት አነሳችኝና፣ አፍ የለውም ብለኸኝ ነበር እኮ አለች። ከዚህ ሌላ አልወቀሰችኝም። ምሳ አቀረበች፣ ጥርስህ ተሻለህ ወይ አለችኝ፣ ያንቺን እግር ጠየቀችኝ። በደጃችን የሚያልፈውን አንዱን ነጋዴም «ነጋዴ» ብላ ጠራችው፤ የጨው ሰው አላለችውም። ስወጣ ሆን ብዬ «ፈያ» አልኳት። በሰላም ግባ ለማለት «ነጋን ገሊ» ብላ ሸኘችኝ።

እታለም፣ ጽሑፉ እንዳይታተም ትናንት መልሼ ወስጄዋለሁ። ዶክተር አመዩ አብደሃል ብሎኛል። ይህ ለአዮ ምንም እንደማይመልስላት አውቃለሁ፣ እንድታመሰግኚኝም አይደለም የነገርኩሽ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። በሐምሌ ስትመጪ፣ ከአጥሩ ሳትገቢ፣ እሷ አፏን ሳትከፍት ቀድመሽ «ፈያ» በያት። ልጆቹም ሮጠው እንደሱ ይበሏት። በቃሬዛው ላይ በሆዷ የነበርሽው አንቺ ነሽና ከአንቺ መልሳ ትቀበለው ይሆናል። ከኔ አልተቀበለችም፣ ብትቀበልም አይገባኝም። ልትቆጪኝ ስትደውይ ስልኩን አነሳለሁ፣ እንደ ጉንፋኑ አልዋሽሽም።

አሰፋን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ፤ የላከልኝ ሸሚዝ ልክ ሆኗል። ወይዘሮ ሮማነወርቅን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ሐኪም ቤቱን እንዳይተዉት አደራ። ሞቲን ለፈተናው እንዲበረታ አጎትህ ብሏል በይው። ዱረቲን ደግሞ ጉንጯን ሳሚልኝና ከቤታችን ይዘሽው በሄድሽው ቃል ሰላም በያት፤ እኔ ለጊዜው በዚያ ቃል ሰው ለመሳለም አፍ የለኝም።

ከማሸጌ በፊት አንድ ነገር ላርም። መጀመሪያ ላይ አዮ «ፈያ» ብላሻለች ብዬ ጽፌልሻለሁ። አላለችም። እጄ ሌላውን መጻፍ እምቢ ብሎኝ፣ አሁንም የእሷን ቃል እኔ ለወጥኩት። እሷ በር ላይ ቆማ ያለችኝ፣ «ለአስካለችም ነጋ በልልኝ» ነው።

ታናሽ ወንድምሽ
ቶሌራ

አምቦ፣ ሰኔ 12 ቀን 2004 ዓ.ም.